ዘንግ ያዥ አይዞርም

የኬልበርንና የሴንት ኦድራን ኮሌጆች ሲጋጠሙ ሎዌል ስታንኮ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከሜዳው ጠርዝ ላይ፣ የተጫዋቾቹ ላብ ሊረጨው በሚችልበት ቦታ ቆሟል። ይሁን እንጂ በየትኛው ዓመት ማን እንዴት እንዳሸነፈ ብትጠይቁት፣ ጎረቤቱን ጠይቆ ካልሆነ በቀር አይነግራችሁም። ሥራው ጨዋታ ማየት አልነበረም። ሥራው ዘንግ መያዝ ነበር።

ዘንጎቹ ሁለት ናቸው፤ ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል፤ ብርቱካናማ ቀለም ተቀብተዋል። በመካከላቸው አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ የሆነ ሰንሰለት ተዘርግቷል። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን የያዘ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከገፋ ይቀጥላል፣ ካቃተው ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። አሥሩ ያርድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ የሚያሳዩት እነዚህ ዘንጎች ናቸው። ዳኛው ሲጠራጠር ሰንሰለቱ ሜዳ ይገባና ይለካል፤ ያኔ ስምንት ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሎዌል እጅ ላይ ያፈጣል። ከዚያች ደቂቃ ውጪ ሎዌልን ልብ የሚለው የለም፤ እሱም ቢሆን ልብ በሉኝ የሚል ሰው አይደለም።

ሥራውን ያስያዘው በመስታወት ፋብሪካው አለቃው የነበረ ኦቶ ቤም የሚባል፣ ሳቅ በዓመት አንዴ ደጁን የሚያንኳኳው ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዘንጉን እያቀበለው፣ «ስማ ልጄ» አለው። «ዘንግ ያዥ አይጮህም። አያጨበጭብም። ከተመልካች ጋር ወሬ አይገጥምም። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ወደ ኋላ አይዞርም። አንተ ስትዞር ዘንጉም አብሮህ ይዞራል። ያን ጊዜ የሁለት ኮሌጅ ጠብ በአንተ አናት ላይ ይወርዳል።» ኦቶ ቤም ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከአራቱ ትእዛዞች የመጨረሻው በየትኛውም የደንብ መጽሐፍ እንዳልተጻፈ ለሎዌል ብዙ ሰው ነግሮታል። እሱ ግን ቃሉን አንዴ ከያዘ የማይለቅ ሰው ነውና አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም።

ኬልበርን ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ሴንት ኦድራን ከወንዙ ወዲያ ኮረብታው ላይ ነው፤ ቀለሙ ቀይ ነው። ኮረብታ ላይ ደልዳላ መሬት አይገኝምና ግጥሚያው ከጥንት ጀምሮ በኅዳር፣ ቅዳሜ ቀን፣ በኬልበርን ሜዳ ነው የሚደረገው። ያሸነፈው፣ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሰው ያሻግር የነበረውን ጀልባ ደወል ወስዶ ዓመቱን ሙሉ ይደውልበታል፤ የተሸነፈው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ከመቶ አሥር ጊዜ በላይ ተጋጥመዋል። ጠቡ በምን እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም፤ ቢኖርም ዕርቅ እንዳይመጣ ሲል አይናገርም።

ሚስቱ ቬርና የወዲያኛው ዳርቻ ልጅ ነበረች። ሎዌል በፋብሪካው መስታወት ሲያቀልጥ፣ እሷ በሴንት ኦድራን ለተማሪዎች ሃያ ዘጠኝ ዓመት ምግብ አብስላለች። ሁለቱም ለመማር ብለው የኮሌጅ ደጅ አልረገጡም፤ ፉትቦል ሲነሣ ግን ከምሩቃኑ የባሱ ነበሩ። ሲጋቡ አባቷ «ልጄን ለሰማያዊ ሰጠሁ» እያለ ሲያለቃቅስ ከረመና በሠርጉ ቀን ቀይ ክራባት፣ ቀይ ካልሲ፣ ቀይ መሐረብ አድርጎ መጣ። ደግነቱ ሎዌል የሰው ነገር ቶሎ የሚቆረቁረው ዓይነት አልነበረም። አዛውንቱን ጎንበስ ብሎ ሳመና አለፈው።

ዘንግ ያዦች የሚቆሙት በእንግዳው ቡድን በኩል ነው። ስለዚህ ከሎዌል ጀርባ ያለው ሕዝብ ሁልጊዜ ቀይ ነበር፤ ከቀዩ መካከል ደግሞ በሦስተኛው ረድፍ፣ ከግቡ ሃያ ያርድ በሚርቀው መስመር ትይዩ፣ ቬርና ነበረች። ዘንጉ ኳሱን ተከትሎ ወዲያ ወዲህ ይሄዳልና ሎዌል ሁልጊዜ ከፊቷ አይቆምም። በአንድ ጨዋታ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል፣ አንዳንድ ዓመት ሁለቴ ብቻ፣ ሰንሰለቱ ሃያው መስመር ጋ ይደርሳል። እሷም ያንን ጠብቃ ትጀምረዋለች።

«ሎዌል! ሱሪህ ተቀዷል!»

አይዞርም።

«ሎዌል! ምድጃውን ሳታጠፋ ነው የወጣኸው!»

አይዞርም። ጆሮው ግን ይቀላል፤ ሦስተኛው ረድፍ በሙሉ የጆሮውን መቅላት እያየ ይስቃል። አንዴማ «ሎዌል! ላገባ ነው!» ብላ ጮኻ፣ ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሲስቅ ሰውየው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማታ እራት ላይ፣ «አንድ ቀን ትዞራታለህ» ትለዋለች። «አልዞራትም» ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ። ሌላ ባልና ሚስት አበባ ይሰጣጣል፤ እነሱ ይኼ ነበራቸው።

ጡረታ ስትወጣ ኮሌጁ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥሩ ወንበር ሊሰጣት ፈልጎ ነበር። «ከፍታ ያዞረኛል» ብላ እምቢ አለች። ይቺ ሴት በየፀደዩ የሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ግማሽ አካሏን አውጥታ መስታወት የምትወለውል ነበረች። ሎዌል ነገሩ ገርሞት ነበር፤ ተገርሞም ተወው።

ባለፈው ዓመት፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሰንሰለቱ ሃያው መስመር ላይ ሳለ ቬርና ጠራችው። «ሎዌል!» ብቻ ነው ያለችው። ስለ ሱሪም፣ ስለ ምድጃም አላነሣችም። ድምጿም እንደ ወትሮው አልጮኸም። ሎዌል፣ ‹አሃ፣ ዛሬ አዲስ ዘዴ አምጥታለች› ብሎ በልቡ ፈገግ አለና ዘንጉን አጥብቆ ያዘ። ጨዋታው አልቆ ሲዞር ወንበሯ ባዶ ነበር። ልቧ ላይ ሕመም ተሰምቷት በአምቡላንስ ወስደዋታል።

ሆስፒታል ገብቶ እጇን ሲይዝ የመጀመሪያ ጥያቄው ያ ነበር። «ምን ልትዪኝ ነው የጠራሽኝ?»

«ብትዞር ታውቅ ነበር» አለችውና በደከመ ዓይኗ ጠቀሰችው።

የለመዱት ቀልድ ስለሆነ ሳቀ። ቤት ስትመለስ እጠይቃታለሁ ብሎ አሳደረው። ቤት ተመለሰች፤ ገና መጣ፣ በረዶ መጣ፣ አንዱ ቀን ሲሻላት ሌላው ሲብስባት ጥያቄው እየተንከባለለ ሄደ። በየካቲት አንደበቷ ተያዘ። በመጋቢት ሞተች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሎዌልን ጥያቄው እንቅልፍ ይነሣው የጀመረው ከቀብር መልስ፣ እንግዶቹ የበሉበትን ሣህን አጥበው ከሄዱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ። ሾርባውን ከቆርቆሮ አሙቆ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሞ ይጠጣል፤ ጠረጴዛው ለአንድ ሰው ሰፋበት። ልጃቸው ዶሪን ከአሪዞና በየእሑዱ ትደውላለች። «አባዬ፣ ምን በላህ?» ትላለች። «በልቻለሁ» ይላል። «ሰው ታገኛለህ?» ትላለች። «አገኛለሁ» ይላል። ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ። የሚያስጨንቀውን ነገር ለእሷ መንገር አልቻለም። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ነበር፦ ቬርና ያን ቀን ‹ድረስልኝ› ብላው ይሆን? ድረስልኝ ብላው እሱ እንደ ግንድ ተገትሮ ቀርቶ ይሆን?

ይኼን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከቬርና አጠገብ የምትቀመጥ አርዲስ የምትባል ሴት። ሎዌል ጨዋታው ሳያልቅ አንድም ቀን ዞሮ ስለማያውቅ መልኳን አያውቀውም። የሚያውቀው ከቬርና የሰማውን ብቻ ነው፦ ባሏ የሞተባት፣ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ርቃ የምትኖር፣ ጆሮ የሚሸፍን ቀይ የሱፍ ቆብ የምታደርግ፣ ድልድዩ ሳይጨናነቅ ለመሻገር ሁልጊዜ ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተነሥታ የምትሄድ። የአባቷንም የባሏንም ስም አያውቅም። ሁለቱ ሴቶች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በዚያ አግዳሚ ላይ፣ ይገናኙ ነበር። እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ወዳጅነት ብዙ ነው፤ በሌላ ቀን መገናኘት ለማንም ትዝ አይለውም።

ስለዚህ ኅዳርን ጠበቀ። በነሐሴ የቬርናን ትኬት በስሟ አሳደሰው፤ ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት አልፈለገም።

በግጥሚያው ቀን ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ልዝነብ ልዝነብ የሚል እንጂ የማይዘንብ ቀን። ክላይድን ሰንሰለቱን ሣር ላይ ዘርግቶ ውስብስቡን ሲፈታ አገኘው። ክላይድ ሁለተኛውን ዘንግ ይይዛል፤ በሰንሰለቱም ላይ ከሜዳው ነጭ መስመር ጋር ትክክል አድርጎ አንዲት መቆንጠጫ የሚያስነክሰው እሱ ነው። ዘንግ ቢወድቅ እንኳ ቦታው ከመቆንጠጫዋ ተነሥቶ ይገኛል።

«መጣህ አንተ ሽማግሌ?» አለው። «ጆይስ ይኼን ስጠው ብላለች።» ሚስቱ የጋገረችውን በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ አቀበለው። «ደግሞ ነገ ምሳ እንድትመጣ ብላለች።»

«እሺ።»

«እሺ ትላለህ፣ አትመጣም።»

«እመጣለሁ ብያለሁ።»

«ባለፈውም ብለህ ነበር። ዶሮዋን ለብቻዬ በልቼ ሦስት ቀን ሆዴን ታምሜያለሁ። ነፍሰ ገዳይ ነህ።»

ሎዌል ፈገግ ለማለት ሞከረ። ኬኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ዘንጉን አነሣ። ከጀርባው ቀዩ ሕዝብ መዝሙሩን ጀምሯል። አርባ አንድ ዓመት የሰማው መዝሙር ስለሆነ ከራሱ ወገን መዝሙር ይልቅ ይኼኛውን በቃሉ ይችለዋል፤ ይኼንን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

በእረፍት ሰዓት ዘንጉን ለክላይድ ሰጥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። የብረቱን በር ይዞ ቆመ። ሦስተኛው ረድፍ ከዚያ አሥር እርምጃ አይሞላም። ቀዩን ቆብ አየው፤ ጀርባዋን ሰጥታ ከኋላዋ ካሉ ሰዎች ጋር ታወራለች። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ጭብጥ የምታክል ክፍት ቦታ ናት፤ ሰው ተጨናንቆ ሳለ እሷ ብቻ ባዶ።

በሩን አልከፈተም። ከመጋቢት ጀምሮ አለማወቁን እየፈራሁ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ የሚፈራው ማወቁን እንደሆነ ያኔ ገባው። ሴትዮዋ ‹አዎ፣ ድረስ ስትልህ ነበር› ብትለው ያንን ይዞ ወደዚያ ቤት እንዴት ይመለሳል? ፊሽካው ተነፋ። ሎዌል ወደ ዘንጉ ተመለሰ፤ ፊሽካው ስላዳነው ደግሞ በራሱ አፈረ።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ኬልበርን በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር፤ ኳሱ በሴንት ኦድራን እጅ ሆኖ እየገፋ ነው። ሰንሰለቱ ሠላሳው መስመር ጋ፣ ከዚያ ሃያ አምስቱ፣ ከዚያ ሃያው መስመር ላይ ደረሰ። ሎዌል ከሦስተኛው ረድፍ ፊት ቆመ። ሰዓቱ ላይ አምስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ቀርቷል። አርዲስ የምትነሣበት ሰዓት ነው። አሁን ከሄደች የሚቀጥለው ኅዳር ነው፤ በሰባ አራት ዓመት ደግሞ የሚቀጥለውን ኅዳር ማን ይሰጥሃል?

«ሎዌል!»

የሴት ድምፅ ነው። ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። ስሙ ብቻ።

የኦቶ ቤም ፊት መጣበት። የቬርና ሳቅ መጣበት፤ ‹አንድ ቀን ትዞራታለህ›። እጆቹ ዘንጉን እንደጨበጡ ነበር።

ዞረ።

ቀዩ ቆብ ተነሥቶ ቆሟል። ከሥሩ ክብ፣ በብርድ የቀላ ፊት አለ፤ ሴትዮዋ በሁለት እጇ አንዲት ቀይ ትራስ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። የቬርና የመቀመጫ ትራስ ነበረች። አንዱ ጥጓ በሰማያዊ ክር የተጣፈ ነው፤ ሌላ ክር ጠፍቶ በሰማያዊ ስትጥፈው ‹ሰማያዊህን አስገባሁልህ› ያለችው ትዝ አለው።

«ተጠንቀቅ!» አለ ክላይድ።

ዘንግ ያዥ ተጫዋች ወደ እሱ ሲመጣ ዘንጉን ጥሎ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ፊት ለፊት ማየት አለበት። ሎዌል ፊቱን ወደ ሜዳው ሲመልስ ኳሱን የታቀፈው ልጅና ሁለት ሰማያዊ ለባሾች ደረቱ ላይ ደርሰው ነበር። አራቱም አንድ ላይ ተንከባለሉ። ዘንጉ ሰማይ ላይ አንዴ ዞሮ ሣሩ ላይ ተጋደመ።

ዓይኑን ሲከፍት ዳኛውና የቡድኑ ሐኪም አጠገቡ ተንበርክከዋል።

«ሚስተር ስታንኮ፣ ይሰሙኛል? ይኼ ስንት ጣት ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ሦስት። ዘንጉስ?»

«ዘንጉን ይተዉት።»

«ቦታውን አጠፋሁት?»

ክላይድ በሐኪሙ ትከሻ ላይ ብቅ አለ። «መቆንጠጫዋ አለች፤ ምንም አልጠፋም። አንተ ሰውዬ፣ አርባ አንድ ዓመት ሳትዞር ዛሬ ምን ታይቶህ ነው?»

ሎዌል ጎኑን ይዞ ቀና አለ። ጎኑ ይወጋው ነበር፤ የተሰበረ ነገር ግን የለም። ሐኪሙ ዛሬ ዘንግ የሚባል ነገር እንዳይነካ አዘዘው። ተጠባባቂ የነበረው የስፖርት መምህሩ ራስል መጥቶ ዘንጉን ተቀበለ። ሎዌልን ደግፈው በአጥሩ በር ሲያስወጡት ቀዩ ሕዝብ አጨበጨበለት። ደረጃው ሥር አርዲስ ትራሷን አቅፋ ትጠብቀው ነበር።

«ገደልኩህ!» አለች። «ወይኔ ሰው ገደልኩ! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እሜቴ። እርስዎ አርዲስ ነዎት?»

«እሜቴ አትበለኝ፤ ጀርባህን ሃያ ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ከወንድሜ ጀርባ በላይ ነው የማውቀው። ና ተቀመጥ።»

የቬርና ቦታ ላይ ትራሷን አነጠፈችለትና አስቀመጠችው። የሆነ ሰው ትኩስ ሻይ ሰጠው።

«አምና ወንበሩ ላይ ትታት ስትሄድ ወሰድኳት» አለች አርዲስ ትራሷን በዓይኗ እያሳየችው። «ክረምቱን ፍሎሪዳ እኅቴ ጋ ነበርኩ። በሚያዝያ ስመለስ ነው የድሮ ጋዜጣ ላይ ያየሁት። ስልክህን አላውቅ፣ ቤትህን አላውቅ። መቼም ኅዳር ይመጣል፣ አገኘዋለሁ ብዬ ተውኩት። አሁን ልሄድ ስነሣ ነው ልሰጥህ የጠራሁህ። ትዞራለህ ብዬ መች ጠበቅሁ!»

ሎዌል ሻዩን በሁለት እጁ ያዘ። ሜዳው ላይ ፊሽካ ተነፋ፤ ሕዝቡ ጮኸ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«አርዲስ፣ አምና… እዚህ ሆና ስትጠራኝ… ድረስልኝ ማለቷ ነበር?»

አርዲስ ቆቧን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረች።

«‹ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ› አለች። ‹እንሂድ፣ አምቡላንስ ልጥራ› አልኳት። ‹ቆይ፣ እሱ እንዳያይ› አለች። ‹ካየኝ ዘንጉን ጥሎ ይመጣል፤ ኦቶ ቤም ከመቃብር ይነሣበታል› አለች። ከዚያ ‹እስቲ ልፈትነው› ብላ ጠራችህ። አንዴ ነው የጠራችህ። አልዞርክም። ‹ጥሩ፤ አያየኝም› አለችና ተደግፋኝ ደረጃውን ወረደች።»

«ብዞርስ ኖሮ?»

«ብትዞርማ ቁጭ ብላ እጇን ታወዛውዝልህ ነበር። ምንም አልሆንኩም ብላ እስከ መጨረሻው ትቆይ ነበር። እሷን አታውቃትም እንዴ?»

እውነቱ ይኼ ይሁን ወይስ ልታጽናናው ብላ አሳምራ ትናገር ይሁን ሎዌል መለየት አልቻለም። ሆኖም ስምንት ወር ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ጥቂት ተንሸራተተ። እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም። አርዲስም አላየሁም ብላ ወደ ሜዳው አፈጠጠች።

«ድልድዩ ይጨናነቅብሻል» አላት።

«ድልድዩ የትም አይሄድም።»

ያኔ ሎዌል ጨዋታውን ለማየት ቀና አለ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊያይ የመጀመሪያው ነው። ፈለገ፤ ጨዋታው የለም። የኬልበርን ሜዳ የድሮ ሜዳ ስለሆነ የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት መካከሉ እንደ ኤሊ ጀርባ ጎበጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሦስተኛው ረድፍ ሲታይ ከጉብታው ወዲያ ያለው ሁሉ ይሰወራል፤ አልፎ አልፎ የራስ ቁር ጫፍ ብቅ ይልና ይጠልቃል።

«ኳሱ የት ነው?» አለ።

«እኔ ምኑን አውቄ! ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ነጥብ ሲቆጠር አይቼ አላውቅም። ሰው ሲጮህ እጮሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወደ ላይ አልወጣችሁም?»

«እሷን ነበር መጠየቅ። በየዓመቱ እንውጣ እላታለሁ፤ ‹እኔ የመጣሁበት ከዚህ በደንብ ይታየኛል› ትለኛለች።»

ሎዌል ከዚያ ምን እንደሚታይ አየ። አንድ ነጭ መስመር፣ አንድ ብርቱካናማ ዘንግ፣ ዘንጉን የያዘ ሰው ጀርባ። ሌላ ነገር የለም። ዝናብ በዘነበበት፣ በረዶ በጣለበት ኅዳር ሁሉ፣ ሰንሰለቱ እዚህ እስኪደርስ እየጠበቀች ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቀመጠችው ለዚህ ነበር። እሱ ደግሞ የሰጣት ጀርባውን ብቻ ነው። ‹ከፍታ ያዞረኛል› ስትለው አምኖ ማለፉ አንገበገበው። መኩራቱም አንገበገበው፤ በየዓመቱ እራት ላይ ‹አልዞራትም› ሲላት ያሸነፈ መስሎት ነበር።

ሰንሰለቱ እየተንቀሳቀሰ መጣና ራስል ልክ ከፊታቸው ቆመ። ጎልማሳ ነው፤ ዘንጉን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ከመስመሩ አልነቀለም። ደህና አድርገው አስተምረውታል፤ ያስተማረውም ሎዌል ራሱ ነው።

«ራስል!» ብሎ ጠራው ሎዌል።

አርዲስ ዞር ብላ አየችው። ራስል አልዞረም። ጆሮው ግን ቀላ።

ሎዌል ትራሷ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ምናልባት ይዞር ይሆናል ብሎም ጠበቀ።